የሽፍታው ስንቅ

ቡሬ፣ መናኸሪያው በር፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን
አንድ ሲንጀር አለኝ፣ መርገጫው የሚያነክስ፣
አንድ መቀስ፣ አንድ ሜትር፣
ጠርዙ በጠመኔ የነጣ ደብተር።
በግራው ገጽ የሰው ልክ፦
«ቄስ ወንዴ፣ እጅጌ ስልሳ ሁለት።
የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ ወገብ ሰባ ስምንት፤
ቀብድ ሰጥቷል፣ ቅዳሜ ይወስዳል።»
በቀኙ ገጽ ልጄ፦
«ማንጠግቦሽ፣ ማክሰኞ። ጠዋት ወተት በዳቦ፣
ቀን ሽሮ፣ ማታ እንቁላል።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ግራ ክርኗ ቀላ።
አከከች። አለቀሰች። ደግሞ አከከች። ነጋ።»
ስሟን ስናወጣ ስለ ፊቷ ነበር፤
ስለ ሞሰቡ ማን አሰበ?

«ሽፍታ ነው» አለ የጤና ጣቢያው ልጅ፣ ጓንቱን እያወለቀ፤
ከምን እንደመጣ ግን እሱም አላወቀ።
ሽፍታ!
የአያቴ ዘመን ሽፍታ ዱር ነበር የሚያድር፣
ገደል ነበር የሚሻገር፤
ይሄኛው ግን ክርን እጥፋት ውስጥ፣ ከማተቧ ሥር
ሰፈር ሠርቶ፣
ቀን ተኝቶ፣
መብራት ስናጠፋ ተነሥቶ
እንቅልፏን ይዘርፋል።

ያልተባለ የለም።
ምች ነው ተባለ፣ ዳማከሴ ታሸ።
ቁንጫ ነው ተባለ፣ ፍራሹ ተሰጣ።
ዓይን ነው ተባለ፤ እዚህ ላይ ትርንጎ በሩን ዘጋች።
ቅባቱ ሦስት ቀን ያስታግሳል፤
በአራተኛው ይመለሳል
እንደ ዕዳ ጠያቂ።

ነሐሴ ገባ። ፍልሰታ።
«እኔም እጾማለሁ» አለች፣ በስድስት ዓመቷ፤
ከሰፈሩ ልጆች ጋር ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች፣
ስድስት ሰዓት ስትመለስ ሽንብራ ቆሎ፣ ድንች ወጥ።
በአምስተኛው ቀን ክርኗ ደረቀ።
በዘጠነኛው አንገቷ።
በአሥረኛው ሌሊት ነቃሁ፤
የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው፣
ጥፍር የማይሰማበት ቤት።
«እመቤቴ ናት» አለች ትርንጎ፣ እንባዋ ቀድሟት።
አሜን አልኩ።
ደብተሩን ግን አልዘጋሁም።

ሲፈሰክ አማቼ አያ ስንሻው ከሽንዲ መጡ፣
ስትወለድ ከሰጧት ላም፣ ከዳማ፣
አንድ ቅል ወተት ተሸክመው።
እንቁላልም ነበር፣ ቅቤም፣ ዶሮም።
ጨረቃ ሳትወጣ ሽፍታው ወረደ፣
ከነጓዙ።

ያኔ ገባኝ።
ሽፍታ በጫካ ብቻ አይኖርም፤
ስንቅ የሚያቀብለው ከቤት አለ።
የአቀባዩም እጅ የኔ ነበር፣
«አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያልኩ
ሁለተኛውን ስደግም።

ግን የትኛው ነው? ሁሉም በአንድ ቀን ገብተዋል።
የተጣመመ ስፌት በመቀስ አይቀደድም፤
በመርፌ ጫፍ፣ ክር በክር ነው የሚፈታ።
ሁሉንም አነሣን። አሥራ አምስት ቀን ጠበቅን።
ዶሮ መለስን፣ ሰላም።
እንቁላል መለስን፣ ሰላም።
ቅቤ፣ ትንሽ ቀላች፤ ወይስ ሙቀቱ ነው?
የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት።
በዚህ መሐል የቄስ ወንዴን እጅጌ
ከቀኙ ገጽ ቁጥር ጋር አምታትቼ አሳጠርኩት፤
«ክንዴ ነው የረዘመው ወይስ እንቅልፍህ ነው ያጠረው?»
ብለው ስቀው ለበሱት።
ወተት መለስን። ግማሽ ስኒ።
ሌሊት ስምንት ሰዓት።

ለአያ ስንሻው ማን ይንገራቸው?
ላሚቱን ሲሰጡ «በወተቷ እደጊ» ብለዋል፤
ወተት መመለስ ለሳቸው ምርቃት መመለስ ነው።
በጥቅምት መጡ። ቅሉን ዘረጉ።
እኔ መሬት አየሁ፣ ትርንጎ ግድግዳ።
ማንጠግቦሽ ናት እጅጌዋን የሰበሰበች፦
«አያ፣ ሽፍታው እዚህ ነው የሚገባው።
ወተት ስጠጣ ይሰማል።»
ሽማግሌው ክርኗን ያዙ፤ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣
ለዘር እንደሚመረጥ እህል።
ከዚያ ቅሉን ለጎማ ጠጋኙ ሰጡት።
«ጥጃው ይጥባታ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በሳምንቱ ከሽንዲ፣ በሚኒባስ ጣሪያ፣
የላኩላት ደረሰ፤ ግማሽ ማዳበሪያ
ለውዝ።

ትርንጎ እኔን አየች፣ እኔ ደብተሩን።
አዲስ ገጽ ገለጥኩ፣ በቀኝ በኩል፦
«ሐሙስ። ለውዝ።
አንድ ፍሬ።»